ወርቅ ወርቅን ሲስብ፦ ፎስፊን የያዙ የወርቅ ውህዶች በክሪስታል ውስጥ ምን ያሳዩናል?

በኬሚስትሪ ትምህርት መጀመሪያ ላይ ከምንሰማቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፦ ፖዘቲቭ ፖዘቲቭን ይገፋል። ስለዚህ አንድ ኤሌክትሮን ያጣ የወርቅ አቶም፣ እንደሱ ኤሌክትሮን ካጣ ሌላ የወርቅ አቶም ይሸሻል ብለን ብንጠብቅ አይፈረድብንም። የብዙ ወርቅ ውህዶች ክሪስታል በኤክስሬይ ሲመረመር የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው። ወርቆቹ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። በመሀላቸው ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ 3 አንግስትሮም አካባቢ ነው። አንድ አንግስትሮም የሚሊሜትር አስር ሚሊዮንኛ ነው። በንጹሕ ወርቅ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ አቶሞች 2.88 አንግስትሮም ይራራቃሉ። እንግዲህ አስቡት። ሊገፋፉ የሚገባቸው ሁለት አቶሞች፣ ብረቱ ውስጥ ካሉት ወንድሞቻቸው ብዙም ሳይርቁ ተቀምጠዋል።

ይህን መሳሳብ የሙኒክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት የነበሩት ሁበርት ሽሚድባወር በ1980ዎቹ መጨረሻ ኦሮፊሊሲቲ ብለው ጠሩት። ቃሉ ከሁለት የተሰፋ ነው። የፊተኛው በላቲን ወርቅ ማለት ነው፤ የኋለኛው በግሪክ መውደድ። ወርቅ ወዳድነት እንደማለት። በወቅቱ ቅርርቡ ራሱ አዲስ ግኝት አልነበረም። ከዚያ በፊት በወጡ የክሪስታል መዋቅሮችም ታይቷል። ነገር ግን ብዙዎች እንደ አጋጣሚ አልፈውት ነበር። ስም ሲወጣለት ሰው ትኩረት ሰጥቶ ይፈልገው ጀመር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ፎስፊን የሚባለው ሞለኪውል ትልቅ ድርሻ ስላለው አስቀድመን እንተዋወቀው። መሀሉ ላይ አንድ የፎስፈረስ አቶም አለ። ፎስፈረሱ በሦስት ክንዶቹ ሦስት ነገር ይይዛል። የያዘው አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያለው ትንሽ የሚቲል ቡድን ሊሆን ይችላል፤ በስድስት ካርቦን የተሠራ ሰፊ የፌኒል ቀለበትም ሊሆን ይችላል። በአራተኛው በኩል ከማንም ጋር ያልተጋራ ጥንድ ኤሌክትሮን ቀርቶታል። ወርቁን የሚይዘው በዚህ በኩል ነው።

ወርቅም ይህን ድጋፍ ይፈልገዋል። አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ያጣ ወርቅ ውሃ ውስጥ ብቻውን ቢተው አይረጋም። ከፊሉ ወደ ብረትነቱ ይመለሳል፣ ከፊሉ ሦስት ኤሌክትሮን ወደጎደለው ዓይነት ይቀየራል። ፎስፊን ሲይዘው ግን ይረጋጋል። ጠርሙስ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሊቀመጥ የሚችል ነጭ ዱቄት ይሆናል።

አሠራሩን አንዴ ያየ አይረሳውም። መነሻው ሦስት ኤሌክትሮን የጎደለው ወርቅ ያለበት ክሎሮኦሪክ አሲድ ነው፤ ቀለሙ ደማቅ ቢጫ ነው። በአልኮል ተሟሙቶ ትራይፌኒልፎስፊን፣ ማለትም ሦስት ፌኒል የያዘው ፎስፊን፣ ይጨመርበታል። ቢጫው እያዩት ይጠፋል። ወዲያው ነጭ ነገር ከሥር መዝቀጥ ይጀምራል። እዚህ ጋ ፎስፊኑ ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። አንዱ ፎስፊን ለወርቁ ኤሌክትሮን ይሰጥና ራሱ ኦክስጅን ይዞ ይወጣል። ሌላው ፎስፊን አሁን አንድ ኤሌክትሮን ብቻ የጎደለውን ወርቅ ይዞ ይቀራል። ለዚህ ነው ለአንድ ወርቅ ሁለት ፎስፊን የሚያስፈልገው። ነጩ ዱቄት ክሎሮትራይፌኒልፎስፊን ወርቅ ይባላል። በዚህ መስክ የሚሠራ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ ዱቄት ነው።

ዱቄት ሆኖ ግን ስለ አቶሞቹ አቀማመጥ ብዙ አይነግረንም። ጥሩ ክሪስታል ያስፈልጋል። ክሪስታል ማሳደግ ደግሞ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ጠባብ ብልቃጥ ውስጥ ውህዱ በዳይክሎሮሚቴን ተሟሙቶ ከታች ይቀመጣል። ከላዩ ላይ ውህዱን የማያሟሟ ሄክሴን በጣም በቀስታ፣ በብልቃጡ ግድግዳ በኩል ይንቆረቆራል። ሁለቱ ፈሳሾች ወዲያው አይቀላቀሉም። ወሰናቸው እንደ ቀጭን መስታወት ይታያል። ከዚያ ብልቃጡን ሳይነኩ መተው ነው። በቀናት ውስጥ ፈሳሾቹ ቀስ ብለው እርስ በርስ ይገባሉ። ውህዱም የሚሟሟበት እያጣ ሲሄድ ጥርት ያሉ ትናንሽ ቅንጣቶች ይሆናል። ከመቸኮል የሚገኘው መልሶ ያው ዱቄት ነው።

ለመለካት የሚያስፈልገው ቅንጣት ከሚሊሜትር አንድ አምስተኛ ባይበልጥም ይበቃል። በማይክሮስኮፕ ሥር ይመረጣል፣ በጠብታ ዘይት ይያዛል፣ በቀጭን መያዣ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ቀዝቃዛ የናይትሮጅን ጋዝ ይነፋበታል። ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከዜሮ በታች 173 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሆናል። ቅዝቃዜው የአቶሞቹን መንቀጥቀጥ ስለሚቀንስ ምስሉ ይጠራል። ከዚያ ኤክስሬይ ይለቀቅበታል።

ኤክስሬይ ክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ በተወሰኑ አቅጣጫዎች ብቻ እንደሚበተን የታየው በ1912 ነው። ይህን ያሳዩት ማክስ ፎን ላውና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እነሱም የሠሩት ሙኒክ ውስጥ ነበር። በቀጣዩ ዓመት እንግሊዛውያኑ ብራጎች፣ አባትና ልጅ፣ የተበተነው ጨረር ከሚፈጥራቸው ነጠብጣቦች ተነስቶ የአቶሞችን ቦታ ማስላት እንደሚቻል አሳዩ። ዘዴው የሚሠራው የኤክስሬይ የሞገድ ርዝመትና በአቶሞች መካከል ያለው ርቀት ተቀራራቢ ስለሆኑ ነው። ዛሬ በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ ከሞሊብዲነም የሚወጣው ባለ 0.71 አንግስትሮም ኤክስሬይ ነው።

ወርቅ በዚህ ምርመራ ላይ የራሱ ጠባይ አለው። ኤክስሬይን የሚበትኑት ኤሌክትሮኖች ናቸው። የወርቅ አቶም 79 ኤሌክትሮን አለው። ካርቦን 6፣ ሃይድሮጅን ደግሞ 1 ብቻ። ስለዚህ ወርቁ ወዲያው ይገኛል፤ ሃይድሮጅኑን ማየት ግን በትልቅ ፋኖስ አጠገብ የተለኮሰች ክብሪት እንደመፈለግ ነው። ለዛሬው ጥያቄያችን ይሄ ዕድል ነው። እኛ የምንፈልገው የወርቅና የወርቅ ርቀት ነው፤ እሱ ደግሞ ከመለኪያው ሁሉ በጣም እርግጠኛ የምንሆንበት ቁጥር ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ወርቅ ኤክስሬይን አጥብቆ ይውጣል። ክሪስታሉ መርፌ መሰል ከሆነ ጨረሩ በአንዱ በኩል ብዙ ወርቅ ያቋርጣል፣ በሌላው በኩል ጥቂት። ይህ ካልታረመ የቀላል አቶሞቹ ቦታና መጠን ይዛባል።

እንግዲህ ወደ ነጩ ዱቄት እንመለስ። የክሎሮትራይፌኒልፎስፊን ወርቅ ክሪስታል ሲታይ ሞለኪውሉ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው። ፎስፈረስ፣ ወርቅ፣ ክሎሪን በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ማዕዘኑ 180 ዲግሪ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ከወርቅ እስከ ፎስፈረስ 2.24፣ ከወርቅ እስከ ክሎሪን 2.28 አንግስትሮም ገደማ ነው። ይህ ዓይነት ወርቅ የሚዘረጋው ሁለት እጅ ብቻ ነው፤ እሱንም ግራና ቀኝ። ወገቡ ዙሪያውን ክፍት ነው።

ይህን ክፍት ወገብ ያዙልኝ። ሌላ ወርቅ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው።

በዚህ ክሪስታል ውስጥ ግን ማንም አልመጣም። ወርቆቹ ተራርቀዋል። ምክንያቱ ትራይፌኒልፎስፊን ሰፊ መሆኑ ነው። ሦስቱ ፌኒሎች እንደ ጃንጥላ ተዘርግተው ጎረቤትን ያርቃሉ። ይህን ስፋት በቁጥር ያስቀመጡት አሜሪካዊው ኬሚስት ቻድዊክ ቶልማን ናቸው። ፎስፊኑን ከብረቱ ተነስቶ የሚሰፋ ሾጣጣ አድርጎ ማሰብና የሾጣጣውን ማዕዘን መለካት ነው ዘዴያቸው። ትራይሚቲልፎስፊን 118 ዲግሪ ነው። ትራይፌኒልፎስፊን 145። ቅርንጫፍ ያለው ተርት-ቡቲል የሚባለውን ቡድን ሦስት ጊዜ የያዘው ግዙፉ ፎስፊን ደግሞ 182 ይደርሳል፤ ጃንጥላው ከግማሽ ዙር አልፎ ወደ ወርቁ ጎን ታጥፏል ማለት ነው።

አሁን ጃንጥላውን እናጥበው። በፌኒሎቹ ፈንታ ሦስት ሚቲል እናድርግ። ሌላው ሁሉ ያው ነው፤ ወርቅ፣ ክሎሪን፣ ፎስፈረስ። ክሪስታሉ ግን ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ሞለኪውሎቹ ወገብ ለወገብ ተጠጋግተው ሰንሰለት ይሠራሉ። በሰንሰለቱ ውስጥ ከወርቅ ወደ ወርቅ ያለው ርቀት ከ3.27 እስከ 3.39 አንግስትሮም ነው። በሁለቱ መካከል የሚውለው፣ ሁለት ሚቲልና አንድ ፌኒል ያለው ፎስፊን ደግሞ ጥንድ ጥንድ ወይም ሦስት ሦስት ሆኖ ይታያል። ጃንጥላው እየጠበበ ሲሄድ ወርቆቹ ይገናኛሉ። ይህን ተከታታይ ጎን ለጎን ደርድሮ ማየት በጣም ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ብቻ ቀይረህ ክሪስታሉ ራሱ መልሱን ሲነግርህ ማለት ነው።

የሚገናኙበት መንገድም ያስተምራል። ዘንጎቹ አንዳንዴ ጎን ለጎን ሆነው በተቃራኒ አቅጣጫ ይተኛሉ፤ የአንዱ ክሎሪን በሌላው ፎስፈረስ በኩል። ብዙ ጊዜ ደግሞ እንደ መስቀል ይጠላለፋሉ። ወርቅ ከወርቅ መሀል ላይ ይገጥማል፣ ሰፊዎቹ ጃንጥላዎች ግን በየአቅጣጫው ተራርቀው ይቀራሉ። ቦታ ለጠበበው ሞለኪውል ብልህ አቀማመጥ ነው።

ግን እዚህ ጋ ጥያቄ አለ። ምን ያህል ሲቀራረቡ ነው ተሳሳቡ የምንለው? ለአንድ የወርቅ አቶም በተለምዶ የሚሰጠው የቫን ደር ዋልስ ሬዲየስ፣ ማለትም ትስስር የሌላቸው አቶሞች ሲነካኩ የሚታሰበው የአቶሙ ስፋት፣ 1.66 አንግስትሮም ነው። የሁለቱ ድምር 3.32 ይመጣል። ከዚህ በታች ከሆነ ሁለቱ አቶሞች ከመነካካት አልፈው ገብተዋል ማለት ነው። በተግባር ግን ሰዎች እስከ 3.5 ድረስ ያለውንም ይቆጥራሉ። እኔ ይህን ድንበር እንደ አጥር ባላየው እመርጣለሁ። 3.31 ላይ ፍቅር ኖሮ 3.34 ላይ ድንገት የሚጠፋበት ምክንያት የለም። መሳሳቡ ቀስ በቀስ ነው የሚደክመው።

ሌላም መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። ክሪስታል ውስጥ ሁሉም ነገር በሁሉም ነገር ላይ ይጫናል። ሁለት ወርቆች ቅርብ የሆኑት ስለተሳሳቡ ነው? ወይስ በዙሪያቸው ያሉት ቀለበቶችና ክሎሪኖች ሲደረደሩ ገፍተው አገናኟቸው? ርቀቱ ብቻውን ይህን አይመልስም። ርቀት ምስክር ነው፤ ፍርድ ግን አይደለም። አንድ ጽሑፍ ላይ አጭር የወርቅ ርቀት ብቻ አይቶ ኦሮፊሊሲቲ አለ ብሎ መደምደም የተለመደ ስሕተት ነው።

ስለዚህ ሌላ ማስረጃ ይፈለጋል። አንዱ ማዕዘኑ ነው። ቀጥ ማለት የነበረበት ዘንግ ጥቂት ዲግሪ ታጥፎ ከተገኘና የታጠፈው ወርቁ ወደ ጎረቤት ወርቅ እንዲጠጋ አድርጎ ከሆነ፣ ይህ መሳብ ነው። ከውጭ የተገፉ ቢሆን ወርቆቹ እርስ በርስ ለመራቅ ወደ ውጭ ያጎብጡ ነበር። ሌላው ማስረጃ ክንድ ያጣመራቸው ሞለኪውሎች ናቸው። ሁለት ፎስፈረስ በአንድ ካርቦን የተያያዙበት ፎስፊን አለ። በእያንዳንዱ ፎስፈረስ ላይ አንድ ወርቅና አንድ ክሎሪን ይቀመጣል። ሁለቱ ወርቆች በ3.35 አንግስትሮም ጎን ለጎን ይገኛሉ። ድልድዩ ሁለት ካርቦን ሲሆን ግን ክንዶቹ ይዘረጉና የአንዱ ሞለኪውል ሁለት ወርቆች ይለያያሉ። ከዚህ ውህድ የክሪስታል ዓይነቶች በአንዱ ውስጥ እያንዳንዱ ወርቅ የጎረቤት ሞለኪውል ወርቅ ጋ ሄዶ ይጠጋል። ቤት ውስጥ ያጣውን ከጎረቤት አገኘ።

ጽሑፎቹን ራሱ ለሚያነብ አንድ ነገር ልጨምር። ርቀቶችን ስታወዳድሩ የተለኩበትን ሙቀት አብራችሁ እዩ። እነዚህ ደካማ ቅርርቦች ክሪስታሉ ሲቀዘቅዝ ያጥራሉ። በክፍል ሙቀት የተለካን ቁጥር በብርድ ከተለካ ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን ለፎስፊኑ መስጠት ያሳስታል።

አሁን ወደ ለምን እንሂድ። እዚህ ታሪኩ ሁለት ሥር አለው።

የመጀመሪያው ፍጥነት ነው። የወርቅ ኒውክለስ 79 ፕሮቶን አለው። ለኒውክለሱ በጣም ቅርብ የሆነው ኤሌክትሮን ይህ ሁሉ ስበት ውስጥ ሳይወድቅ ለመኖር እጅግ መፍጠን አለበት። ግምቱ ቀላል ነው፤ 79ን ለ137 ማካፈል። ውጤቱ የብርሃን ፍጥነት 58 በመቶ ነው። በዚህ ፍጥነት የአይንስታይን አንፃራዊነት ችላ የሚባል አይደለም። ኤሌክትሮኑ ከ20 በመቶ በላይ እንደከበደ ሆኖ ይሠራል፣ ወደ ኒውክለሱም ይጠጋል። የሚገርመው ይህ መጠጋት ውስጥ ብቻ አይቀርም። ውጭ ያለው፣ ኬሚስትሪውን የሚሠራው ኤስ የሚባለው ኤሌክትሮንም ይሰበሰባል። ከሥሩ ያሉት ዲ የሚባሉት አሥር ኤሌክትሮኖች ደግሞ በተቃራኒው ይላላሉ፣ ትንሽ ይሰፋሉ።

በ1929 ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ፖል ዲራክ አንፃራዊነት ለተራው ኬሚስትሪ ያን ያህል እንደማያስፈልግ ጽፈው ነበር። ወርቅ ግን ለዚህ ግልጽ መልስ ነው። ቢጫ የሆነው ራሱ በዚህ ምክንያት ነው። በዲና በኤስ መካከል ያለው የኃይል ልዩነት ስለጠበበ ወርቅ ሰማያዊ ብርሃንን ይውጣል፤ የቀረው ለዓይናችን ቢጫ ሆኖ ይታየናል። ብር ላይ ይህ ተጽዕኖ ደካማ ነው፤ ስለዚህ ነጭ ሆኖ ቀረ።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ የክሪስታል ሥራ አለ፤ ከምወዳቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ወርቅ ከብር በጣም ይከብዳል፤ 32 ተጨማሪ ፕሮቶንና ኤሌክትሮን አለው። ታዲያ በመጠንስ ይበልጣል? በ1996 የሽሚድባወር ቡድን አንድ ዓይነት ሰፊ ፎስፊን ወስዶ ሁለት ውህድ ሠራ፤ አንዱ መሀሉ ላይ ወርቅ፣ ሌላው ብር አለው። ፎስፊኑ ሰፊ የሆነው ብረቶቹ ከጎረቤት ጋር እንዳይነካኩና መለኪያው እንዳይዛባ ነው። ሌላው ሁሉ አንድ ስለሆነ የቀረው ልዩነት የብረቱ ብቻ ነው። ውጤቱ፦ የወርቁ ሬዲየስ 1.25፣ የብሩ 1.33 አንግስትሮም። ወርቅ ከብር ያንሳል። በየዓይነቱ የተሠራ ስሌት ሲተነብየው የነበረ ነገር በሁለት ክሪስታል ታየ።

ሁለተኛው ሥር ኤሌክትሮኖች እርስ በርስ መተያየታቸው ነው። የፊንላንዱ ቲዎሪስት ፔካ ፒውኮ እና ባልደረቦቻቸው ይህን በስሌት መረመሩ። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን የሌሎቹን አማካይ ብቻ የሚያይበት ቀለል ያለ ስሌት አለ። በዚህ ስሌት ሁለት ፎስፊን ወርቆች ሲቀራረቡ ይገፋፋሉ። ልክ መጀመሪያ ላይ ያነሳነው የኬሚስትሪ ትምህርት እንዳለው። ኤሌክትሮኖቹ የእያንዳንዳቸውን እንቅስቃሴ እየተከታተሉ እንዲሄዱ የሚፈቅድ ስሌት ሲሠራ ግን መገፋፋቱ ወደ መሳሳብ ይለወጣል። በአንዱ ወርቅ ላይ የኤሌክትሮን ደመናው ለቅጽበት ወደ አንድ በኩል ሲያዘነብል፣ የሌላው ደመና ለሱ ምላሽ ይሰጣል። እንዲህ ያለው መሳሳብ በማንኛውም ሁለት አቶም መካከል አለ። የወርቅ ደመና ግን ትልቅና ልል ስለሆነ እዚህ ጎልቶ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ምስጋናው ሁሉ ለአንፃራዊነት ይሰጥ ነበር። አሁን ያለው ሚዛናዊ አነጋገር፦ ዋናው አሠሪ ይህ የኤሌክትሮኖች መናበብ ነው፣ አንፃራዊነት ደግሞ ያጠናክረዋል።

ጥንካሬውስ? ከ20 እስከ 50 ኪሎጁል በሞል ገደማ ነው። ይህ ከሃይድሮጅን ትስስር ጋር የሚወዳደር ነው፤ ውሃን ውሃ የሚያደርገው፣ የዘረመልን ሁለት ገመድ የሚያጣምረው ትስስር። በካርቦንና በካርቦን መካከል ካለው ትስስር ጋር ሲነጻጸር ግን አንድ አስረኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ ሞለኪውልን አይሠራም፤ ሞለኪውሎች እንዴት እንደሚቀመጡ ግን ይወስናል። ውህዱ ሲሟሟ ብዙ ጊዜ ቅርርቡ ይፈታል።

ግን ብዙ ወርቆች በአንድ ቦታ ሲሰበሰቡ ድምራቸው አስደናቂ ነገር ያደርጋል። ካርቦን አራት ትስስር እንዳለው ሁላችንም ተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1988 ከሽሚድባወር ቤተ ሙከራ የወጣው ክሪስታል መሀሉ ላይ አንድ ካርቦን ነበረው፤ በዙሪያው ስድስት ወርቅ። እያንዳንዱ ወርቅ ትራይፌኒልፎስፊኑን ይዟል። ስድስቱ ወርቆች በካርቦኑ ዙሪያ ከላይና ከታች፣ ከፊትና ከኋላ፣ ከግራና ከቀኝ ተቀምጠዋል። መላው አካል ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። ጎን ለጎን ያሉ ወርቆች በአማካይ 3.0 አንግስትሮም ይራራቃሉ። ጠርዞቹን ብትቆጥሩ 12 ናቸው። አሥራ ሁለት ደካማ መሳሳብ ተደምሮ፣ ካርቦን ብቻውን በስድስት ሃይድሮጅን ተከቦ ሊሸከመው የማይችለውን ቅርጽ አቁሞታል። ጃንጥላዎቹም እዚህ ሌላ ሥራ አገኙ። ስድስቱም ወደ ውጭ ተዘርግተው ውስጡን ይሸፍናሉ።

ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን ሌላ ክሪስታል ነው። ናይትሮጅን አራት ፎስፊን ወርቅ ሲይዝ እንደሚጠበቀው ወርቆቹ በአራት አቅጣጫ በእኩል ይበታተናሉ፤ ቴትራሄድሮን ይሆናሉ። ናይትሮጅን ትንሽ ስለሆነ ወርቆቹ እንዲህ ሆነውም ቅርብ ናቸው። አርሴኒክ ከናይትሮጅን ሥር ያለ የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው፣ ግን ትልቅ ነው። አራት ወርቅ እንዲሁ በእኩል ቢበታተኑበት በጣም ይራራቃሉ። በ1991 የታተመው መዋቅር ያሳየው ወርቆቹ ይህን እንዳልተቀበሉ ነው። አራቱም ወደ አንድ በኩል ሄደው ካሬ ሠሩ፣ አርሴኒኩ ከላይ እንደ ፒራሚድ ጫፍ ቀረ። በአራት አቅጣጫ ተበታትነው ቢቀመጡ የሚያገኙትን ምቾት ትተው፣ መነካካትን መረጡ። ጥቅጥቅ ያለ አደራደር ገፋቸው ለማለት እዚህ ጋ ከባድ ነው።

ወርቅ ሁልጊዜ ወርቅ ይፈልጋል ማለትም አይደለም። ኦራኖፊን የሚባለው የሩማቶይድ አርትራይተስ መድኃኒት፣ በአሜሪካ በ1985 የተፈቀደው፣ በአፍ የሚወሰድ የወርቅ ውህድ ነው። በአንድ በኩል ትራይኢቲልፎስፊን፣ በሌላው በኩል በድኝ የተያዘ የግሉኮስ ዘመድ አለው። ዘንጉ ያው ቀጥ ያለ ነው። በክሪስታሉ ውስጥ ግን ወርቆቹ አይገናኙም፤ ሰፊው የስኳር ክፍል ቦታ ይዟል።

ወርቆች ሲገናኙ ሌላም ነገር ይመጣል። ብርሃን። ብዙዎቹ እነዚህ ውህዶች አልትራቫዮሌት መብራት ሥር ያበራሉ። ወርቅ ከወርቅ ሲጠጋ የሁለቱ የኤሌክትሮን ደረጃዎች ይቀላቀላሉ፣ ልዩነቱም ይጠባል። ልዩነቱ ሲጠብ የሚወጣው ብርሃን ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ቢጫ፣ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። ከፎስፊን ወጣ ብለን ኢሶሳያናይድ የተባለውን ሌላ ያዥ ብናይ ጥሩ ምሳሌ እናገኛለን። የካሊፎርኒያው ኬሚስት አላን ባልች ቡድን በ2003 ያወጣው ውህድ ሁለት ዓይነት ክሪስታል አለው። ኬሚካላዊ ይዘታቸው አንድ ነው። በአንደኛው የወርቅ ሰንሰለት ውስጥ ርቀቱ 3.18 አንግስትሮም ነው፤ ክሪስታሉ ቀለም የለውም፣ ሲበራ ሰማያዊ ነው። በሌላው ርቀቱ 2.97 ገደማ ነው፤ ክሪስታሉ ቢጫ ነው፣ ሲበራ አረንጓዴ። የ0.2 አንግስትሮም ልዩነት በዓይን ታየ ማለት ነው።

በጃፓን ሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ የሃጂሜ ኢቶ ቡድን በ2013 ያሳየው ደግሞ ከዚህም ያልፋል። ውህዱ አሁንም ኢሶሳያናይድ የያዘ ወርቅ ነው። ክሪስታሉ መጀመሪያ አልትራቫዮሌት ሥር ሰማያዊ ያበራል፤ ወርቆቹ 5.7 አንግስትሮም ተራርቀዋል። ከዚያ በመርፌ ጫፍ አንድ ቦታ ላይ በጣም ትንሽ ጭረት ይደረግበታል። የተነካችው ነጥብ ቢጫ ታበራለች። ከዚያ ማንም ሳይነካው ቢጫው ወደ ጎን መሄድ ይጀምራል። አንድ ሞለኪውል ሲዞር አጠገቡ ያለውን ያዞራል፣ እሱም ቀጣዩን። ክሪስታሉ ሳይሰባበር፣ ሳይሟሟ፣ ቢጫው ቀስ እያለ ከዳር እስከ ዳር ይደርሳል። ለውጡ ካበቃ በኋላ ያው ክሪስታል እንደገና ኤክስሬይ ሥር ሲገባ ወርቆቹ 3.2 አንግስትሮም ላይ ተገኙ።